የጋሽ ይበልጣል ካምቢዮ

የካምቢዮ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለማላዘን አይደለም። አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ያሉ ጋራዦች በሙሉ «ሴት ልጅ መኪና ሥር አትተኛም» ብለው መለሱኝ፤ ዛሬ ሳስበው ባለውለታዎቼ ናቸው። እነሱ ቢያስተምሩኝ ኖሮ የእነሱን ስህተት ነበር የምማረው።

የተማርኩት ከአባቴ መለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ነው። አባቴ ጠሃ ከስልጤ መጥቶ አርባ ምንጭ ላይ ሱቁን ሲከፍት እኔ ገና አልተወለድኩም። ከአሥር ዓመቴ ጀምሮ ግን ባንኮኒው ላይ ቆሜያለሁ። ሰው መለዋወጫ ሊገዛ ሲመጣ የተበላሸውን ይዞ ነው የሚመጣው። «የዚህን ዓይነት ስጪኝ» ይልና ዘይት የጠጣ ብረት ዘጭ ያደርግልኛል። አዲሱን ይዞ ሲሄድ አሮጌውን ትቶት ይሄዳል። እኔ ያንን በካርቶን አጠራቅማለሁ፤ ሱቁ ጭር ሲል አገላብጬ አየዋለሁ። የት ጋ ተበላ? ለምን በአንድ ጎኑ ብቻ? በኋላ አባቴ ከተገለበጠ ዲኤክስ ቶዮታ ላይ የወረደ ካምቢዮ፣ ማርሾቹ በሙሉ ያሉበትን ሣጥን፣ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ገዝቶ ሲያመጣ ለመንኩትና ሰጠኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት። በአሥራ አንደኛው አንድም ብሎን አልተረፈኝም።

ከዚያ በኋላ ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የባጃጅ፣ ቀጥሎ የሚኒባስ። ወንዶቹ መኪናቸውን የሚያመጡልኝ ሰው እንዳያያቸው ዞር ዞር እያሉ ነበር። ይዙሩ። ሲመለሱ መኪናው ይሠራል።

ጋሽ ይበልጣል የመጡት በ2003 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው፣ ያ ሙቀት ቆርቆሮውን በሚያስጮኽበት ወር። ከሳቸው በፊት የአሮጌ ዲኤክሳቸው ድምፅ ገባ፤ ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ይመስል ነበር። እሳቸውን የማያውቅ የለም። ከጎጃም በሃያ ሦስት ዓመታቸው ተመድበው ጨንቻ መጡ፣ ፊዚክስ አስተማሩ፤ ኋላም ወደ አርባ ምንጭ ወርደው ጡረታ እስኪወጡ አስተማሩ። እኔንም ዘጠነኛ ክፍል አስተምረውኛል። ከመቶ አርባ አንድ ነው የሰጡኝ። አልረሳሁላቸውም።

«ሙባረካ ነሽ አይደል?» አሉ ከመኪናው ሳይወርዱ። «ያቺ ፊዚክስ የማትወደው?»

«ፊዚክስማ እወድ ነበር ጋሼ። ፈተናዎን ነው ያልወደድኩት።»

ሳቁ። ከጎናቸው የተቀመጠችው ሴት ግን አልሳቀችም። ልጃቸው ኑኃሚን ናት፤ ሐዋሳ ከተማ ባንክ ውስጥ ትሠራለች፣ ለአሥር ቀን እረፍት ወጥታ ነው የመጣችው። በሩን ከፍታ ወረደችና ግቢዬን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አባዬ፣ ደግሞ እዚህ መጣን? ሀብተጊዮርጊስ ነግሮህ የለም እንዴ?»

ሀብተጊዮርጊስ ከመናኸሪያው አጠገብ ትልቅ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። የነገራቸውም ካምቢዮው አልቆለታል፣ ለእንዲህ ያለ መኪና ሌላ ካምቢዮ ከመፈለግ መኪናውን መሸጥ ይሻላል ብሎ ነው።

«ከፍቶ አየው?» አልኩ።

«ሰማው» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

«የት ሆኖ ሰማው?»

«እዚያው ግቢው ውስጥ። ቆሞ።»

እጄን ዘረጋሁ። «ቁልፉን ይስጡኝ።»

ሦስታችንም ገባንና በላንቴ መንገድ ወጣን፤ አባያ በቀኝ በኩል፣ የሙዝ እርሻው በሁለቱም ጎን። ከመነሳቴ በፊት ግን ሞተሩን አስነስቼ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ጸጥ። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። ያው ጸጥ። ስለዚህ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ አይደለም፤ ከሞተር ጋር ሁልጊዜ የሚዞረው የታችኛው ዘንግም ደህና ነው ማለት ነው። አንደኛ አስገባሁ። ገርርርር። ሁለተኛ፣ ባሰበት። ሦስተኛ፣ የማርሹ ዱላ መዳፌ ሥር እንደ ንብ ቀፎ ተንቀጠቀጠ። አራተኛ ሳስገባ ዝም አለ። ጭጭ። ከሙዙ ቅጠል የሚመጣው የንፋስ ድምፅ ሳይቀር ተሰማን።

«ሰማሽ?» አሉ ጋሽ ይበልጣል። «አራተኛ ላይ ይታረቃል።»

«ሰማሁ።» ወደ ሦስተኛ መለስኩት፣ ጮኸ። ወደ አራተኛ፣ ዝም። ፈገግታዬን መደበቅ አቃተኝ። «ጋሼ፣ ካምቢዮዎ አላለቀም። አንዲት ኩሽኔታ ናት የምትጮኸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካምቢዮ ውስጥ ከሞተር የሚመጣ ዘንግ አለ፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ሌላ ዘንግ አለ። ሁለቱ አፍ ለአፍ ተገናኝተው አንዱ የሌላው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ መገናኛቸው ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች የተደረደሩባት ትንሽ ኩሽኔታ አለች። አራተኛ ማርሽ ላይ ሁለቱ ዘንጎች ተቆላልፈው እንደ አንድ ብረት ስለሚዞሩ እሷ ታርፋለች። በሌሎቹ ማርሾች ግን አንዱ ከአንዱ ፍጥነት ይለያል፤ ሸክሙ ያኔ እሷ ላይ ይወድቃል። ይህን ለጋሽ ይበልጣል ስነግራቸው እንደ ተማሪ አንገታቸውን ቀልሰው ሰሙኝ። ያ አርባ አንድ ትንሽ ተካሰልኝ።

ግቢ ስንመለስ እሳቸው ከአባቴ ጋር ሲጨዋወቱ ኑኃሚን ወደ ውሃ ታንከሩ ጠራችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። መኪናው ነው ያረጀው ወይስ አባቴ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጨንቻ ይወጣል፣ እዚያ አርባ የአፕል ዛፍ አለው፤ ደበሌ ከሚባል የድሮ ተማሪው ጋር ነው የሚንከባከበው። መንገዱን ታውቂዋለሽ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ረቡዕ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ‹ገደል ገባ› ሊሉኝ ነው ብዬ ነው የማነሳው።» ወደ አባቷ ዞር ብላ አየች። «የመኪናው እርጅና ከሆነ ይጠገን፣ ይንዳ። መኪናውን የሚያበላሸው እሱ ከሆነ ግን ቁልፉን እወስዳለሁ።»

«በሚኒባስ ቢሄዱስ?»

«ወንበሩ ጠባብ ነው፣ ጉልበቱ አይታጠፍለትም። ደግሞ እሱን ታውቂዋለሽ። ቁልፉን ከወሰድኩ አፕሉንም ይተወዋል። ቤት ይቀመጣል፣ ያልቅለታል። ይሄ ጠፍቶኝ አይደለም።»

«እኔ የምከፍተው ካምቢዮ ነው» አልኳት። «አባትሽን ካምቢዮ ውስጥ አላገኛቸውም።»

ምን ያህል እንደተሳሳትኩ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ካምቢዮውን አወረድኩ፣ ዘይቱን በነጭ የኢናሜል ሳህን ላይ ቀዳሁት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ዘይት ብዙ ያወራል። ዘይት ጎድሎ ወይም ጠቁሮ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልጎደለም። እንደ ማር የጠራ፣ እስከ አፉ የሞላ፤ ጋሽ ይበልጣል በጊዜው የሚቀይሩ ሰው ናቸው። ማርሾቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ሁለቱን ዘንጎች እንዳላቀቅኳቸው ግን መርፌዎቹ እጄ ላይ ተበተኑ። ግማሾቹ ተሰብረዋል፣ ግማሾቹ ተጠፍጥፈዋል፤ ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። የዘንጉ አፍንጫም ሰማያዊ። ብረት ሰማያዊ የሚሆነው ሲቃጠል ነው። ሌላው ሁሉ በዘይት ተነክሮ እሷ ብቻዋን ደርቃ ተቃጥላለች።

ይህ አልገባኝም። ዘይት በሞላበት ሣጥን ውስጥ ምን አደረቃት?

ምሳዬን ሳልበላ ቀረሁ። የራሴን ካምቢዮ፣ ያንን አሥራ አንድ ጊዜ የፈታሁትን፣ ክዳኑን ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከሞተር የሚመጣውን ዘንግ በእጄ አዞርኩ፤ የታችኛው ዘንግ አብሮ ዞረ፣ ከሥር ያለውን ዘይት እየጨለፈ ወደ ላይ ረጨው። እሺ። ቀጥዬ የፊቱን ዘንግ ያዝኩና ወደ ጎማ የሚሄደውን ብቻ አዞርኩ። የታችኛው አልተነቃነቀም። ዘይቱ እንደ ኩሬ ተኝቶ ቀረ፤ መርፌዎቹ ያሉበት ዘንግ ግን እየዞረ ነው።

ጎማው የሚዞርበት፣ ሞተሩ የሚተኛበት። መኪና እንዲህ የሚሆነው መቼ ነው? ሲጎተት። ሌላስ? ቀና ስል ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ ተራራው ታየኝ። ከጨንቻ በዶርዜ በኩል እስከ አስፋልቱ ድረስ ያለው ያ ሁሉ ጥምዝምዝ ቁልቁለት።

እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ደስታው ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም። ከደስታዬ ብዛት የኑኃሚን ጥያቄ ትዝ አላለኝም። ቢለኝም ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለካምቢዮው መልስ ማግኘቴ ይበልጥብኝ ነበር።

በማግስቱ አባትና ልጅ ውጤቱን ሊሰሙ መጡ። ሀብተጊዮርጊስም የሚኒባስ ቺንጋ፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ሊገዛ ሱቃችን መጥቶ ኖሮ፣ የዲኤክሱን ቦኔት ሲያይ ወደ ግቢው ዘለቀ።

«የሱቅ ልጅ፣ ፈታሽው እንዴ? መልሶ የሚገጥመውን ሰው ከየት ልናመጣ ነው?»

«ካልቻልኩም አንተን አልጠራህም፣ አትስጋ።»

መርፌዎቹን በጨርቅ ላይ ዘርግቼላቸው ነበር። ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ፣ ወደ ብርሃን አቀና። የሥራ ሰው ነው፣ ሰማያዊውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ቀጥሎ ግን የዘይቱን ሳህን አየና ፈገግ አለ።

«ዘይት አልነበረውም ልትይ ነው። ይኸው ዘይት! ሙሉ ነው። ዘይት ሞልቶ እንዴት ደረቀ? በይ ንገሪን እንጂ ኢንጂነር። እርጅና ነው ብለን የለም እንዴ?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ። «እርጅና ነው» ብዬ ቃሉን ከሱ ብዋስ ኖሮ መኪናው ተጠግኖ፣ ሰውየውን ለብቻቸው አንድ ጥግ ወስጄ በነገርኳቸው ነበር። አላደረግኩትም። ሀብተጊዮርጊስ ፊቴ ቆሞ ፈገግ ብሎ!

«እርጅና አይደለም» አልኩ፣ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ። «ዘይት እግር የለውም፣ ወደ ላይ የሚረጨው የታችኛው ዘንግ ነው። የታችኛው ዘንግ የሚዞረው ደግሞ ሞተር ሲሠራ ብቻ ነው። ይህ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ብዙ፣ በጣም ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዷል። ጋሽ ይበልጣል ከጨንቻ ሲወርዱ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ሞተር ያጠፋሉ!»

ሀብተጊዮርጊስ መርፌውን ወደ ጨርቁ መለሰው። እኔ ግን ያየሁት ጋሽ ይበልጣልን ነበር። ይክዱኛል ብዬ ነበር፤ አልካዱም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጉልበታቸው እያስቸገራቸው ካምቢዮው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ። የታችኛው አይዞርም?»

«አይዞርም ጋሼ። ይመልከቱ።» አዞርኩላቸው።

«ይገርማል! ዘይቱ ከሥር ተኝቶ ይቀራል። እኔ ደግሞ ሞተር ሳጠፋ ለካምቢዮውም እረፍት ይመስለኝ ነበር እኮ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! ለካስ ሌላው ሲያርፍ እቺ ብቻዋን…» በደስታ ቀና አሉ። አንድ አዲስ ነገር የገባው ልጅ ፊት ነበር። ያ ፊት ከኑኃሚን ፊት ጋር ተገናኘ፣ ጠፋ።

«ሠላሳ ዓመት?» አለች ኑኃሚን።

«ኑኃሚን…»

«ያንን ገደል ሞተር አጥፍተህ?»

«ፍሬኑም እኮ ሞተር ሲጠፋ ይደነድናል» አለ ሀብተጊዮርጊስ፤ ማንም አልጠየቀውም። «ሁለት ሦስቴ ከረገጥከው በኋላ እንደ ድንጋይ ነው።»

ኑኃሚን መዳፏን ዘረጋች። «አባዬ። ቁልፉን።»

ክፉ ቃል አልተናገረችም፣ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር። ጋሽ ይበልጣል ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡ፤ ካምቢዮው ወርዶ መኪናው ድንጋይ ላይ ተሰቅሎ ሳለ ቁልፉን መስጠት ምን ትርጉም እንዳለው ሁላችንም ገብቶናል። ሰጧት። ከዚያ ባጃጅ ጠርታ ወሰደቻቸው። ሲወጡ ወደ እኔ ዞር ብለው «ደህና አርገሽ ነው ያየሽው» አሉኝ። ይህ ደግሞ ከሁሉ ባሰብኝ።

አባቴ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። እሱ ብዙ አይናገርም።

«ብረቱን አወቅሽው፣ ማሻአላህ» አለኝ። «ሰውየውን ግን ሀብተጊዮርጊስ ፊት ለምን?»

የተቃጠሉትን መርፌዎች ከጨርቁ ላይ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ካምቢዮውን ገጠምኩት። አዲሷን ኩሽኔታ ከሱቁ መደርደሪያ አገኘኋት፤ የተቃጠለውን ዘንግ የሚተካ ግን አልነበረም። ስለዚህ ከራሴ ካምቢዮ ላይ አወጣሁ፣ ከዚያ ከተማርኩበት። ማንም አልጠየቀኝም፤ ለማንም አልነገርኩም። መርፌዎቹን አንድ በአንድ በግሪስ አጣብቄ ደረደርኩ፣ ዘንጎቹን አገናኘሁ፣ ዘጋሁ፣ ዘይት ሞላሁ። ኑኃሚን ቁልፉን ለአባቴ ልካለት ነበር፣ «ሲያልቅ ገዢ ይፈለግለት» ከሚል ቃል ጋር። በላንቴ መንገድ ነዳሁት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁሉም ዝም። በሕይወቴ የሠራሁት ምርጥ ሥራ ነው፤ አንድም ሰው አብሮኝ አልሰማም።

መኪናውን ይዤ ሴቻ ሰፈር፣ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ይበልጣል በረንዳው ላይ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። መኪናውን አላዩትም፤ ወረቀቱን ሰጡኝ። ካምቢዮ ስለዋል፣ ቀስት ሁሉ አድርገውበታል።

«ተሳስቻለሁ?»

«የሦስተኛውን ማርሽ ቦታ ተሳስተዋል።» ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥቼ አረምኩት። «ሰባ ሁለት ከመቶ።»

«ጨካኝ ነሽ።»

«ከማን ተማርኩ?»

ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነበር። የሳቸው ኩፖን ጨንቻ ያወጣል እንጂ አያወርድም። ስለዚህ ሲወጡ በቤንዚን፣ ሲወርዱ በከፍታው ሆነ። ቁልፉን ወደ ኋላ አንድ ነጥብ ብቻ ይመልሳሉ፣ መሪው እንዳይቆለፍ። በየዓመቱም ክፍል ውስጥ ይጠይቁ ነበር፤ ከዶርዜ እስከ አስፋልቱ ስንት ሊትር ያስፈልጋል? «ዜሮ!» ይላል ተማሪው በሙሉ። ኩፖን ቀረ፣ ዜሮው አልቀረም።

«ታዲያ አሁን ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«አሁንማ ኩራት ነው» አሉ። «ሌላ ምን አለው?»

ይህን በሽታ ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው የለም።

ኑኃሚን ከውስጥ ወጣች። ዓይኗ ያበጠ ነው። ቀጥ ብዬ ሄድኩባት።

«አንቺ፣ መኪናው ነው ወይስ አባቴ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ደግሞ ለማሸነፍ ብዬ ግማሹን መልስ በአደባባይ ጮህኩብሽ። ሌላው ግማሽ ይኸውልሽ። ጥፋቱ የእርጅና አይደለም፣ የልማድ ነው። እጃቸው ደህና ነው፣ ዓይናቸው ደህና ነው። ልማዱ ይለቅ እንደሆነ ሳታዪ ልትሸጪው ነው?»

«እንዴት ነው የማየው?»

«ነገ ረቡዕ ነው። አብረን እንውጣ። ሞተር ሳያጠፉ ያውርዱን። ከቻሉ ቁልፉ የሳቸው። ካልቻሉ እኔ ራሴ ገዢ አመጣልሻለሁ።»

ኑኃሚን አባቷን አየች። «ትችላለህ አባዬ?»

«ይሄ ምን ያቅተኛል!» አሉ ጋሽ ይበልጣል።

ሽቅቡን ሲነዱ ማየት ነበረባችሁ። ጠመዝማዛው ላይ ማርሽ ሲቀይሩ መቼ እንደቀየሩ አይታወቅም፤ አህያ፣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ መንገድ ላይ የሚጨፍሩ የዶርዜ ልጆች፣ ለሁሉም ቀድመው ያስባሉ። ካምቢዮው ድምፅ የለውም። ጨንቻ ጉም ውስጥ ነበረች። ደበሌ ጋቢውን አጥፍቶ ደርቦ አጥሩ በር ላይ ጠበቀን፤ «ባለፈው ረቡዕ ሲቀሩ ዛፎቹን ምን ልበላቸው?» አላቸው። አርባዎቹን ዛፎች አንድ በአንድ አስጎበኙን። ኑኃሚን አባቷ የሚያወሩትን ሳይሆን አባቷን ታይ ነበር።

ከሰዓት ስንወርድ እሷ ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ከፊት። ጋሽ ይበልጣል ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮን ለቀቁ፤ ሞተሩ መኪናውን ያዘው። ጮኸ። በሞተር የሚያዝ መኪና ቁልቁለት ላይ መጮኹ ነው፣ ጤና ነው፤ እሳቸው ግን እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የሰሙት። በየጥምዝምዙ ፊታቸው ይኮሳተራል። ያም ሆኖ ቻሉ። ዶርዜን አለፍን። ከዚያ አባያና ጫሞ ሁለቱም በአንዴ ወለል ብለው የሚታዩበት ረጅም ቀጥ ያለ ቁልቁለት መጣ።

ግራ እጃቸው መሪውን እንደያዘ ነው። ቀኝ እጃቸው ወርዳ ማርሹን ዜሮ ላይ አደረገች። ቀጥላ ወደ ቁልፉ ሄደች። ፊታቸው ምንም አያውቅም፤ ወደ ሐይቁ ነው የሚያዩት። ጣቶቻቸው ቁልፉን ጨብጠው አንድ ነጥብ ሊመልሱ ሲሉ ራሳቸው አዩአት፣ ያቺን እጅ። ቆመች። ቀስ ብላ ተመለሰች፣ ሁለተኛውን አስገባች።

ኑኃሚን በመስኮት ሐይቁን እያየች ነበር። አላየችም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ምላሴ ላይ መጣ፣ እምላለሁ። አልተናገርኩም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ነው። ዝም ያልኩት ለመደበቅ አልነበረም። የሳቸው ነው፤ ይናገሩትም እንደሆነ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ከሚቀጥለው ጥምዝምዝ በኋላ ሰፋ ያለ ቦታ ነበር። ወደ ዳር አወጡና ቆሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ።

«ኑኃሚን።»

«አቤት አባዬ። ምነው?»

«እጄ ሄደች።»

«የት?»

«ወደ ቁልፉ። እኔ ሳላዛት። ሙባረካ አይታለች፣ ዛሬ አፏን ምን እንደያዘው አላውቅም።» ሁለቱንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ብትጠይቂኝ አልሄደችም እልሽ ነበር። ግን ሄዳለች።»

አንድ አይሱዙ አቧራውን እያለበሰን አለፈ። ኑኃሚን ከኋላ ሆና እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። ቁልፉን አልጠየቀቻቸውም። የከበዳት መሰለኝ፤ ነግረዋት ሳለ መንጠቅ።

«ሽቅብ ስወጣ አትሄድም» አሉ ጋሽ ይበልጣል፣ ክፍል ውስጥ ጥያቄ እንደሚፈቱት ዓይነት። «ሽቅብ ሞተር ማጥፋት የሚባል ነገር የለም፤ ልማድም የለኝም። ከተማ ውስጥም የለኝም። ችግሩ ያለው ከዶርዜ እስከ አስፋልቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቅቡን እኔ እነዳለሁ። ቁልቁሉን ሌላ ሰው።»

«ማን?» አለች ኑኃሚን።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔን አትዩኝ። ሱቅ አለብኝ፣ ሥራ አለብኝ!»

«ረቡዕ ብቻ» አለች ኑኃሚን።

«ረቡዕም ቀን ነው!»

«ይሄን ጉድ ያመጣው የማን አፍ ነው?» አሉ ጋሽ ይበልጣል። ሳቃቸውን ከንፈራቸው ላይ ይዘውታል፣ ዓይናቸው ግን ርጥብ ነው። በሩን ከፍተው ወረዱ፣ ጉልበታቸውን እየያዙ በፊት ለፊት ዞረው መጡና በእኔ በኩል ቆሙ። «ተነሺ። ቦታዬ ነው።»

መሪው ጋ ሄድኩ። ሁለተኛ አስገብቼ ተነሳሁ።

«ሁለተኛ!» አሉ።

«ሁለተኛ ላይ ነኝ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ትፈጥኛለሽ?»

«አልፈጠንኩም። እርስዎ ከጎን ተቀምጠው ስለማያውቁ ነው።»

ኑኃሚን ከኋላ ሳቀች፤ በዚያ ሳምንት ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ይበልጣል ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ እስከ አስፋልቱ ድረስ አልለቀቁም፤ ጥምዝምዙን ሁሉ በቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን እየረገጡ ወረዱት። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ተነፈሱ። ከእግራቸው ሥር ካለው ከረጢት አንድ አፕል አወጡ፣ በኮታቸው ጠረጉት፣ ወደ እኔ ዘረጉት። እጄን ሰደድኩ።

«ሁለት እጅሽን መሪው ላይ!» አሉና ራሳቸው ገመጡት።